የዋልታ በረዶ ውስጥ ያለው ኦክስጅን ስንት አመዳይ (ስኖው) እንደጣለ በምን ይነግረናል?

ጠያቂ፦ መምህሩ ከጦሳ ሥር

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ደሴ ውስጥ ሁለተኛ ደረጃ ጂኦግራፊ አስተምራለሁ። ሰሞኑን የአየር ንብረት ምዕራፍ ላይ ደርሰናል። የግሪንላንድና የአንታርክቲካ በረዶ ተቆፍሮ ወጥቶ፣ ውስጡ ባለው ኦክስጅን የጥንቱ ሙቀት እንደሚታወቅ ነገርኳቸው። ከባዱ ኦክስጅን ሲያንስ ዘመኑ ብርድ ነበር። ሲበዛ ሞቅ ያለ ነበር። እስከዚህ ተግባባን።

ከዚያ ከኩታበር የሚመጣ አንድ ልጅ እጁን አወጣ። «ቲቸር፣ ሙቀቱን ነገረን እንበል። ስንት እንደጣለስ በምን ታወቀ? ብርድ ሆኖ ምንም ላይጥል ይችላል እኮ» አለኝ። የገበሬ ልጅ ነው። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ውርጭ ሰብል ሲያቃጥል አይቷል። ያኔ ሰማዩ ጥርት ያለ ነው፣ ጠብ የሚል ነገር የለም። ብርድና ዝናብ ለየብቻ እንደሚሄዱ ቤቱ ተምሮታል።

ጥያቄው ልክ ነው። መማሪያ መጽሐፉ ላይ ግን መልሱ የለም። እኔ ያነበብኳቸው ጽሑፎች ደግሞ አንዱ «አይሶቶፑ (የኦክስጅኑ ቀላልና ከባድ ዓይነት) ሙቀት ያሳያል» ይላል። ሌላው ከዚያው በረዶ ተነስቶ «በዚህ ጊዜ የሚጥለው አመዳይ እጥፍ ሆነ» ይላል። ከአንዱ ወደ ሌላው የሚያሻግረኝን አጣሁ።

ሁለት ነገር አስረዱኝ። ከኦክስጅኑ ተነስቶ የአመዳዩ መጠን ላይ እንዴት ይደረሳል? ይህ ዘዴ ለእኛ ለወሎስ የሚሆን ነገር አለው? ልጆቹ መጨረሻ ላይ የሚያፋጥጡኝ በሁለተኛው ነው።


መልስ፦ ቆፋሪዋ ከሐይቅ

ሰላም መምህር። እኔ የሐይቅ ልጅ ነኝ፣ የጉድጓድ ውሃ ቁፋሮ ላይ ነው የምሠራው። የምናወጣው ውሃ የቅርብ ዝናብ ይሁን የድሮ ለማወቅ ለአይሶቶፕ ናሙና እንወስዳለን። በዚህ ምክንያት ነው የበረዶውን ጉዳይ መከታተል የጀመርኩት። አሁን ግን ከሥራዬ ይልቅ እሱን ነው የምወደው ብል አላጋነንኩም።

ያ ልጅ ይባረክ። ብዙ ሰው ዘሎ የሚያልፈውን ቦታ ነው የነካው። መልሱን ላስቀድምልህ። ኦክስጅኑ ብቻውን የአመዳይ መጠን አይለካም። የሚሰጠን የዓመቱን ምልክት ነው። መጠኑ የሚገኘው በአንዱ ዓመት ምልክትና በሚቀጥለው መካከል ያለው በረዶ ስንት ውፍረት እንዳለው ሲለካ ነው። ለልጆቹ ይህንን ለይተህ ንገራቸው። አንዴ ከተለየላቸው ሌላው ይቀላል።

ከሥሩ ልጀምር። ውሃ ውስጥ ካሉት የኦክስጅን አተሞች ከ500 አንዱ ያህል ከባዱ ነው፣ ኦክስጅን 18 የሚባለው። ቀሪው ከሞላ ጎደል ኦክስጅን 16 ነው። ከባዱን የያዘ የውሃ ሞለኪውል ከሌላው በ11 በመቶ ይከብዳል። ስለዚህ ለመትነን ይሰንፋል፣ ከደመና ለመውረድ ግን ይቀድማል። ከውቅያኖስ የተነሳ እርጥብ አየር ወደ ዋልታ ሲጓዝ እየቀዘቀዘ፣ በየመንገዱ እያራገፈ ነው የሚሄደው። በእያንዳንዱ ማራገፍ ከባዱ ቀድሞ ይወርዳል። መሃል ግሪንላንድ ሲደርስ የሚጥለው አመዳይ ከውቅያኖስ ውሃ ጋር ሲተያይ ከባዱ ኦክስጅን በሺህ 35 ያህል ጎድሎታል። መሃል አንታርክቲካ ጉድለቱ በሺህ 50 እና ከዚያም በላይ ይደርሳል። አየሩ በቀዘቀዘ ቁጥር ብዙ አራግፏል፣ ስለዚህ ጉድለቱ ይብሳል። ሙቀት ታወቀ የሚባለው በዚህ ነው።

ይህን ነገር የጀመረው ቪሊ ዳንስጎር የሚባል የዴንማርክ ሰው ነው። እ.ኤ.አ. ሰኔ 1952 ኮፐንሃገን ላይ ዝናብ ሲጥል፣ ባዶ የቢራ ጠርሙስ አፉ ላይ ሰፊ መቀበያ ገጥሞ ጓሮው አቆመው። የተጠራቀመውን ውሃ ሲመረምር የአይሶቶፑ ልክ ከደመናው ሙቀት ጋር አብሮ ከፍ ዝቅ ሲል አገኘው። ግሪንላንድ ላይ ለሺህ ዓመታት ሳይቀልጥ የተደራረበ አመዳይ እንዳለ ያውቅ ነበር። የቀረው ነገር ያንን በረዶ ማግኘት ነበር። አሜሪካኖች ካምፕ ሴንቸሪ በሚባለው የበረዶ ጦር ሰፈራቸው እ.ኤ.አ. በ1966 ቆፍረው ከሥሩ ካለው መሬት ደረሱ፣ 1387 ሜትር ወርደው። ዳንስጎር ከዚያ ኮር (ተቆፍሮ የወጣ ረጅም የበረዶ ዘንግ) ናሙና አግኝቶ ውጤቱን በ1969 አወጣ።

አሁን ወደ ልጁ ጥያቄ። አንድ ቦታ ላይ በዓመት ውስጥ የሚጥለው አመዳይ አንድ ዓይነት አይደለም። በሙቀት ወራት የጣለው ከባዱ ኦክስጅን ሻል ይላል፣ በብርድ ወራት የጣለው ደግሞ ያንሰዋል። ኮሩን በየጥቂት ሳንቲ ሜትሩ ቆርጠህ ብትመረምር ቁጥሩ ከፍ፣ ዝቅ፣ ከፍ፣ ዝቅ እያለ ይሄዳል። አንድ ከፍታና አንድ ዝቅታ አንድ ዓመት ነው። ከከፍታ እስከ ከፍታ ያለው ርቀት በዚያ ዓመት ስንት እንደጣለ ይነግርሃል።

ግን ርቀቱን እንዳለ መውሰድ አይቻልም። ሁለት ነገር ይቀይረዋል። አንደኛው መጠቅጠቅ ነው። አዲስ አመዳይ በውስጡ አየር ይበዛዋል፣ አንድ ሜትር ኩቡ 350 ኪሎ ግራም ያህል ቢመዝን ነው። ከላይ ሌላ እየተጫነ ሲሄድ፣ ከ60 እስከ 100 ሜትር ጥልቀት ባለው ውስጥ አየሩ ተዘግቶበት በረዶ ይሆናል። ድፍን በረዶ 917 ኪሎ ግራም ይመዝናል። ስለዚህ ሁልጊዜ ክብደቱ ይለካና «ይህን ያህል ሳንቲ ሜትር በረዶ» ወይም «ይህን ያህል ውሃ» ተብሎ ይቀየራል። ይህኛው ቀላል ነው።

ከባዱ ሁለተኛው ነው። በረዶ ይፈሳል። የጭድ ክምር ሥሩ ያለው እንደሚጠቀጠቅ ብቻ አድርገህ አታስበው። እዚህ የታችኛው በረዶ ወደ ጎን ይለጠጣል፣ ቀስ ብሎ ወደ ባሕሩ ይሄዳል። ሲለጠጥ ደግሞ ይሳሳል። ዛሬ መሃል ግሪንላንድ አናት ላይ የአንድ ዓመት አመዳይ ወደ በረዶ ሲቀየር 24 ሳንቲ ሜትር ያህል ይሆናል። ከአንድ ኪሎ ሜትር ተኩል በታች ግን የአንድ ዓመቱ ድርሻ ጥቂት ሳንቲ ሜትር ብቻ ሆኖ ታገኘዋለህ። ያ ማለት ያኔ ትንሽ ጣለ ማለት አይደለም። መለጠጡን መልሶ ማስላት ያስፈልጋል። ዳንስጎርና ሲግፉስ ዮንሰን ለዚህ በ1969 ያወጡት ቀመር እስከዛሬ መነሻ ሆኖ ያገለግላል። የበረዶውን ጠቅላላ ውፍረትና ከሥሩ እንዴት እንደሚንሸራተት አስገብተህ፣ እያንዳንዱ ድርብርብ መጀመሪያ ስንት እንደነበር ትመልሳለህ። የመጠን ስህተት ሲገባ አብዛኛውን ጊዜ የሚገባው እዚህ ጋ ነው።

ቆጠራው ልክ መሆኑ በምን ይረጋገጣል? በእሳተ ገሞራ። አይስላንድ ውስጥ ላኪ የሚባለው ቦታ ከሰኔ 1783 እስከ የካቲት 1784 እ.ኤ.አ. እሳትና ጋዝ ሲተፋ ነበር። አሲዱ ግሪንላንድ በረዶ ላይ ጉልህ ሆኖ ይታያል። ከላይ ወደ ታች ስትቆጥር 1783 ላይ እዚያ አሲድ ላይ ካልደረስክ፣ ዓመት ዘለሃል ወይም ደግመሃል። መምህር፣ ይህንን ለልጆቹ ስትነግራቸው አንድ ነገር ጨምርላቸው። በእነዚያው ሁለት ዓመታት የአባይ ሙላት ግብፅ ላይ ዝቅ ብሎ ረሃብ ሆኗል። ላኪ የሰሜኑን የምድር ክፍል ስላቀዘቀዘ የእኛ የክረምት ዝናብ ተዳከመ የሚል ጥናት አለ። የአባይ ሙላት ከየት እንደሚመጣ እናውቃለን። በሽሎ በደላንታና በመቅደላ ሥር አልፎ የሚሄደው ወደዚያው ነው።

ያነበብከው የ«እጥፍ ሆነ» ወሬም እውነት ነው። የመጨረሻው ብርድ ዘመን መውጫ ላይ፣ የዛሬ 11,700 ዓመት ገደማ፣ መሃል ግሪንላንድ የሚጥለው አመዳይ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ወደ እጥፍ ተጠግቷል። ይህ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1993 ቁፋሮው ካበቃው ጊስፕ 2 ከሚባለው ኮር ነው፣ ከ3050 ሜትር በላይ ነው። እዚያ ጥልቀት ላይ ዓመቱን የቆጠሩት በዋናነት በዓይን ነው። ኮሩን መብራት ባለበት ጠረጴዛ ላይ ሲያስተኙት የሙቀት ወራቱ ድርብርብ ተለይቶ ይታያል። ኦክስጅኑ ከዚያው በረዶ ስለ ሙቀቱ ነገራቸው። ሁለቱ ጎን ለጎን ሲቀመጡ፣ ሙቀቱ ሲጨምር መጠኑም መጨመሩ ታየ።

እዚያ ኦክስጅኑ ለመቁጠሪያ ለምን አላገለገለም ካልክ፣ ውሃ በበረዶው ቀዳዳዎች ውስጥ በእንፋሎት መልክ ይንቀሳቀሳል። የሙቀቱና የብርዱ ወራት ምልክት እየተቀላቀለ ይደበዝዛል። በዓመት ከ20 ሳንቲ ሜትር በረዶ በታች የሚጥልበት ቦታ የዓመቱ ከፍታና ዝቅታ ብዙ ሳይቆይ ይጠፋል።

ስለዚህ ምሥራቅ አንታርክቲካ ላይ ይህ መንገድ አይሠራም። ዶም ሲ የሚባለው ቦታ 800,000 ዓመት የሚሸፍን ኮር የወጣበት ነው። በዓመት የሚጥለው ወደ ውሃ ሲቀየር 3 ሳንቲ ሜትር አይሞላም። ደሴ በዓመት ከ100 ሳንቲ ሜትር በላይ ታገኛለች። እዚያ ንፋስ የአንድ ዓመቱን አመዳይ እንዳለ ጠርጎ ሊወስደው ይችላል፣ ምን ይቆጠራል? ስለዚህ በሌላ በኩል ይኬዳል። ኦክስጅኑ ሙቀቱን ይሰጣል። የቀዘቀዘ አየር የሚሸከመው እንፋሎት ያንሳል። ከዚያ ተነስተው መጠኑን ያሰላሉ። በዚህ ስሌት በብርዱ ዘመን የዛሬውን ግማሽ ያህል ነበር የሚጥለው።

ተማሪህ የያዘው እዚህ ላይ ነው። ይህ ስሌት ብርድና ማነስ ሁልጊዜ አብረው ይሄዳሉ ብሎ ነው የሚነሳው። እሱ ደግሞ «ላይሄዱ ይችላሉ» አለ። ግሪንላንድ ላይ ዓመቱን ለብቻ፣ ሙቀቱን ለብቻ ስለሚለኩ ጉዳዩን መፈተን ተችሏል። የመጠኑ ለውጥ ከሙቀቱ ይልቅ የደመናውን መንገድ ተከትሎ የሄደባቸው ብዙ ዘመናት ተገኝተዋል። ልጁን «ልክ ነህ» በለው፣ ክፍሉ ፊት።

የወሎውን ማታ እመለስበታለሁ። አሁን ሪጉ (የቁፋሮ ማሽኑ) ጋ እየጠሩኝ ነው።


መልስ፦ ደላንታ ዙሪያ

መምህር፣ ጥያቄህን ልቀማህ ነው፣ ይቅርታ። እህታችንም አላህ ይስጥሽ፣ እንዲህ አፍታትቶ የሚያስረዳ ሰው አይቼ አላውቅም።

እኔ ያደግሁት ወገል ጤና አካባቢ ነው። የእኛ ኑሮ በልግ ነው። የበልግ ገብስ ካልመጣ ክረምቱን የምንሻገረው በጭንቅ ነው። አሁን በልግ አንድ ዓመት ይመጣል፣ አንድ ዓመት ይቀራል። ሽማግሌዎቹ «ድሮ እንዲህ አልነበረም» ይላሉ። የመንግሥት የዝናብ መዝገብ ደግሞ ብዙ ወደኋላ አይሄድም። እኔ የምፈልገው የአያቶቼ አያቶች ዘመን ዝናብ ነው። አቡነ ዮሴፍ አናቱ ላይ አንዳንዴ በረዶ ለብሶ ይታያል። ሰሜን ተራሮችም እንዲሁ። እነሱን ቆፍሮ ማየት አይቻልም ወይ?


መልስ፦ ቆፋሪዋ ከሐይቅ

ወንድም ዓለም፣ ያ በረዶ ቀን ሳይቆይ ይቀልጣል። ኢትዮጵያ ውስጥ ዓመቱን ሙሉ የሚቆይ የበረዶ ግግር የለም። በብርዱ ዘመን ግን ነበር። ሰሜን ተራሮችና ባሌ ላይ ግግሩ እየገፋ የከመረው የድንጋይ ክምር ዛሬም አለ። በረዶው ሲሄድ መዝገቡም አብሮ ሄደ። ለእኛ ከሚቀርቡት የተቆፈሩ በረዶዎች አንዱ ኪሊማንጃሮ ላይ ያለው ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 ኮር ወጥቶለታል፣ ዕድሜው ግን እስካሁን ያከራክራል።

የእኛ መዝገብ ጭቃ ውስጥ ነው። የምናገረው ስለ አገሬ ስለሆነ ትንሽ ታገሱኝ።

ሐይቅን የምታውቁት በእስጢፋኖስ ገዳምና በዓሣው ነው። ጥልቀቱ ከ80 ሜትር ይበልጣል። ውሃ ይገባበታል፣ በገጽ የሚወጣበት ወንዝ ግን የለውም። ከሐይቁ ውሃ በብዛት የሚነሳው በትነት ነው። ትነት ደግሞ ቀላሉን ኦክስጅን ያስቀድማል። ስለዚህ ዝናብ ያነሰበት ዘመን ላይ የሐይቁ ውሃ ከባዱ ይበዛበታል። ዝናብ ሲበዛ ይቀላል። ውሃው ውስጥ የሚፈጠረው የኖራ ብናኝ ያንን ኦክስጅን ይዞ ወደ ታች ይዘቅጣል። ተመራማሪዎች ከሥሩ የጭቃ ኮር አውጥተው ወደ 2000 ዓመት የሚጠጋ የእርጥበትና የድርቅ መዝገብ አንብበውበታል። ከሐይቅና ከጎረቤቱ ከሐርዲቦ ጭቃ ደግሞ የአበባ ብናኝ ተለቅሞ፣ ደኑ መቼ እንደተመነጠረና መቼ እንደተመለሰ ታይቷል። የዛሬ 3000 ዓመት ድረስ!

ከዋልታው በረዶ የሚለየው ግን ሁለት ነገር አለ። እነዚህን ካላወቅን ውጤቱን እናበላሸዋለን።

አንደኛ፣ ጭቃው ዕድሜው በካርቦን 14 ነው የሚገመተው። ስለዚህ «እገሌ ዓመት በልግ ቀረ» አይልህም። «በዚህ ምዕት ዓመት አካባቢ ደረቅ ነበር» ይልሃል። አንተ የምትጠይቀውን በልግና ክረምት ለይቶ ለመመለስ ይቸግረዋል። ይህን ስነግርህ ልቤ እያዘነ ነው፣ ምክንያቱም ጥያቄህ የእናቴም ጥያቄ ነው። የእሷ ቤተሰብ በበልግ ነው ያደገው።

ሁለተኛ፣ እዚህ የኦክስጅኑ ሕግ ሌላ ነው። ዋልታ ላይ የሚገዛው ሙቀት ነው። በእኛ በሞቃቱ የምድር ወገብ አካባቢ የደመናው ጥንካሬና የእርጥበቱ መነሻ ነው የሚገዛው። ብዙ ሲዘንብ ዝናቡ ይቀላል። አዲስ አበባ ላይ ከ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ጀምሮ የዝናብ ናሙና ለዓለም አቀፉ መዝገብ ሲሰበሰብ ቆይቷል። ውጤቱ ሳይንቲስቶችን አስደንቋል። ከተማዋ ከባሕር ወለል ከ2300 ሜትር በላይ ሆና፣ ዝናቧ ወደ ውቅያኖስ ውሃ በጣም ይጠጋል። በከፍታዋ ቢሆን ብዙ መጉደል ነበረበት። እርጥበቱ ከሕንድ ውቅያኖስም፣ ከኮንጎ ደንና ከመሬት ተመልሶ ከሚተነውም ስለሚቀላቀል ነው ይባላል። እዚያው መዝገብ ላይ የበልግ ዝናብ ከሐምሌና ከነሐሴ ዝናብ ይልቅ ከባዱ ኦክስጅን ይበዛበታል።

ይህ የመጨረሻው ነገር ለአንተ ይጠቅማል። በልግና ክረምት በኦክስጅናቸው ይለያያሉ። ጉድጓድ ውሃ ውስጥ የቱ ዝናብ እንደገባ ለማየት እኛም የምንጠቀመው ይህን ልዩነት ነው። ወደፊት በልግን ከክረምት ለይቶ የሚያነብ መዝገብ ከተገኘ መንገዱ ይኸው ነው የሚሆነው።


መልስ፦ ኮምቦልቻ ሜዳ

ሰላም። እኔ የቁጥር ሰው ነኝ፣ የአየር ንብረት መረጃ ላይ ነው የምሠራው። እህታችን የጻፈችው ሁሉ ልክ ነው። መምህሩ ሊያውቀው የሚገባ አንድ ነገር ልጨምር።

ኦክስጅኑ የሚናገረው አመዳይ ሲጥል ብቻ ነው። ያልጣለበት ወር ድምፅ የለውም። ይህ ቀላል ይመስላል፣ ግን ትልቅ ስህተት አስከትሎ ነበር።

በረዶ ሙቀትን በጣም ቀስ ብሎ ነው የሚያሳልፈው። ግሪንላንድ ላይ ኮሩ ከወጣ በኋላ በቀረው ጉድጓድ ቴርሞ ሜትር ሲወርድ፣ ጥልቁ ላይ የብርዱ ዘመን ቅዝቃዜ እስካሁን አለ። ከዚያ ተነስቶ ሲሰላ ብርዱ ዘመን ከዛሬው ከ20 ዲግሪ በላይ የቀዘቀዘ ሆኖ ተገኘ። ኦክስጅኑ ግን በዛሬው ሚዛን ሲነበብ የዚያን ግማሽ ያህል ብቻ ነበር የሚሰጠው። ይህ የታወቀው በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ነው።

ዋነኛው ማብራሪያ የሚከተለው ነው። ያኔ በብርድ ወራት የሚጥለው አመዳይ በጣም አንሶ ነበር። አብዛኛው የሚጥለው በሙቀት ወራት ነው። ስለዚህ የዓመቱ አማካይ ተብሎ የሚነበበው የሙቀት ወራቱ ነው፣ ሞቅ ብሎ ይታያል። የአመዳዩ መጠን በየወሩ እንዴት እንደተከፋፈለ ሳይታወቅ ሙቀቱም በትክክል አይታወቅም ማለት ነው። የኩታበሩ ልጅ «ሙቀቱን ነገረን እንበል» ያለውም ላይ ጥያቄ አለ። መጠኑና ሙቀቱ ተያይዘዋል።

ለዚህ ነው ዛሬ በአንድ ኮር ላይ ብዙ ነገር አብሮ የሚለካው። በአየር አረፋዎቹ ውስጥ ያለው ናይትሮጅን፣ ከጠፈር በሚመጣ ጨረር የሚፈጠረው ቤሪሊየም 10፣ አቧራው፣ ጨው፣ አሲዱ። ቤሪሊየሙ ለመጠን ጥሩ ነው። ከሰማይ የሚወርደው መጠን ብዙ አይለዋወጥም ተብሎ ስለሚወሰድ፣ አመዳይ ሲበዛ በውስጡ ይቀጥናል፣ ሲያንስ ይወፍራል።


መልስ፦ ቆፋሪዋ ከሐይቅ

ወንድሜ ኮምቦልቻ፣ ይህንን ስላመጣኸው ደስ ብሎኛል። ለደላንታው ወንድማችንም መልስ አለበት። የእኛን ዓመት አስቡት። በልግ ሙሉ በሙሉ ቢቀርና ክረምቱ እንደወትሮው ቢዘንብ፣ የዓመቱ ዝናብ አማካይ ኦክስጅን ይቀላል። የበልጉ ከባድ ድርሻ ስለጎደለ ነው። አማካዩን ብቻ ያየ ሰው «ዘንድሮ ዝናቡ በረታ» ሊል ይችላል። ገበሬው ደግሞ ያኔ እህሉን አጥቶ ተቀምጧል። ቁጥሩ ልክ ነው፣ ንባቡ ግን የተገላቢጦሽ ይሆናል። ስለዚህ እኔ የዓመት አማካይ ብቻ ሲያመጡልኝ አልቀበልም። በየወሩ ካልተለየ ለወሎ አይጠቅምም።


መልስ፦ መምህሩ ከጦሳ ሥር

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁንም። ዛሬ ጠዋት ለክፍሉ አቀረብኩት። ልጁን ክፍሉ ፊት «ልክ ነህ» አልኩት፣ እህቴ እንዳልሽኝ። የላኪና የአባይ ታሪክ ሲነገር ክፍሉ ጸጥ አለ። ከዚያ ሁሉም ያልጠበቅሁትን ጠየቁ፦ «እኛስ ዝናብ መሰብሰብ አንችልም?»

የኔ ጥያቄ የሚሆነው፣ አንድ ትምህርት ቤት ያለ ብዙ ወጪ የዝናብ ናሙና ለአይሶቶፕ ቢያጠራቅም ይቻላል? የቢራ ጠርሙሱ ታሪክ ስላለ ልጆቹ ቀላል መስሏቸዋል።


መልስ፦ ቆፋሪዋ ከሐይቅ

ይቻላል! መሰብሰቡ እውነትም ቀላል ነው። የሚከብደው ውሃው እንዳይተንባችሁ መጠበቅ ነው። ናሙና የሚበላሸው በትነት ነው። ትንሽ ቢተን ቀላሉ ይሄዳል፣ የቀረው ከባድ ሆኖ ይገኛል፣ ያላችሁት ዝናብ ያልዘነበ ዝናብ ይሆናል።

ስለዚህ እንዲህ አድርጉ። የዝናብ መለኪያ ካላችሁ እሱን ተጠቀሙ። ከሌለ ጠባብ አፍ ያለው የፕላስቲክ ጀሪካን ይበቃል፣ አፉ ላይ ሰፊ መቀበያ ግጠሙ። ጀሪካኑን ጥላ ቦታ ሸፍኑት፣ መቀበያው ብቻ ሰማይ ይይ። ውስጡ ከግማሽ ሳንቲ ሜትር ያላነሰ ውፍረት ያለው ፓራፊን ዘይት ጨምሩ፣ ፋርማሲ የሚሸጠውን። ዘይቱ ላይ ይንሳፈፋል፣ ውሃው ከሥሩ ሳይተን ይቆያል። በየወሩ መጨረሻ ከዘይቱ በታች ያለውን ውሃ በስሪንጅ ወይም በቀጭን ቱቦ ሳቡ። ዘይት እንዳይቀላቀል አደራ፣ መርማሪ ማሽኑን ያበላሸዋል።

ውሃውን ትንሽ ጠርሙስ ውስጥ አፉ ድረስ ሙሉት። አየር እንዳይቀር ክዳኑ ሲዘጋ ጠብ ይበል። ፕላስተር ጠቅልሉበት። ቀኑን፣ ቦታውንና በዚያ ወር የዘነበውን ሚሊ ሜትር ጻፉበት። ሚሊ ሜትሩን አትርሱ! መጠኑ ያልተጻፈበት አይሶቶፕ ግማሽ መረጃ ነው፣ ከላይ የኮምቦልቻው ወንድማችን ያስረዳውም ይህንኑ ነው። ጨለማና ቀዝቃዛ ቦታ ብታስቀምጡት ለዓመታት ሳይለወጥ ይቆያል፣ ስለዚህ ለምርመራው አትቸኩሉ። የዛሬ ሌዘር መርማሪዎች ሁለት ሚሊ ሊትር ይበቃቸዋል። ምርመራ የሚያደርጉ ዩኒቨርሲቲዎች ከእናንተ የሚፈልጉት በደንብ የተያዘ ናሙናና በደንብ የተጻፈ መዝገብ ነው።

አንድ ምክር ልጨምር። ደሴ ላይ ብቻ አታቁሙ። ልጆቹ ከኩታበር፣ ከጉጉፍቱ፣ ከሐይቅ የሚመጡ ካሉ ሁለት ሦስት ቤት ላይ አስቀምጡ። ከየካቲት ጀምሩ፣ በልጉ እንዳያመልጣችሁ። ለሐይቁ እኔ አለሁ፣ ጀሪካኑ እናቴ ግቢ ይቀመጣል። ደላንታም ወንድማችን ፈቃዱ ከሆነ ዘይቱን እኔው እልክለታለሁ።


መልስ፦ ደላንታ ዙሪያ

አብሽሪ እህቴ፣ ፈቃዴ ነው። ወንድሜ እዚያው አለ፣ ትምህርት ቤት ነው የሚያስተምረው። መቀበያው ስንት ስፋት እንዲኖረው ብቻ ንገሪኝ።


መልስ፦ ቆፋሪዋ ከሐይቅ

ሁሉም ቦታ አንድ ዓይነት ስፋት ይሁን፣ ሌላው ብዙ አያሳስብም። እኔ አንድ ዓይነት አምስት ገዝቼ አከፋፍላለሁ። መምህር፣ የትኞቹ ልጆች ቤት እንደሚቀመጥ ስም ዝርዝሩን አንተ ያዝ።